የጉሎና የአረቄ ፍሬን

ለመጻፍ በመድፈሬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይርጋነሽ እባላለሁ። ቢቸና ተወልጄ ቢቸና የኖርሁ፣ አረቄ አውጥቼ የምሸጥ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ከኋላ ተቀምጬ፣ አስተማሪው ስሜን እንዳይጠራው አንገቴን ደፍቼ። የተማረ ሰው ቢያየው ምን ይለኛል እያልሁ ይህን ነገር ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁንም እጄ እሺ አይለኝም።

ግን ስለ ባለቤቴ ስለ ፋንታ ነው። ከቢቸና እስከ ሞጣ ስሙ ሲነሣ ሰው “ያ መኪናውን አረቄ ያጠጣው” ይላል፤ ይሥቃል። መሣቁን አልጠላውም፤ እኔም የምሥቅበት ቀን አለ። የሚሥቀው ሰው ግን የሰማው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ የማውቀው እኔ ነኝ። እሱ እንደሆነ ስለ ራሱ አያወራም።

ፋንታ የተወለደው ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ከገበሬ ቤት ነው። አባቱ ሲያርሱ እሱ በሬውን ከመንዳት ይልቅ ሞፈሩ ከቀንበሩ የሚገጥምበትን ሲያይ ነበር የሚውለው ይላሉ። ጢሙን ሳያበቅል ሞጣ ሄዶ ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ገባ። ሽማግሌው በጣሊያን ጊዜ ከካሚዮን ሥር የዋሉ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ሥራውንም ስድቡንም ተማረ። ቁልፍ ከእጁ ሲያመልጥ የሚለውን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

መኪናዋን ወደ አገራችን ያመጣት የባላባታችን የግራዝማች ልጅ ኃይለ ሚካኤል ነው። አዲስ አበባ ተምሮ ሲመለስ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ሸራ የሆነ፣ ቀይ የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። ያን ጊዜም አሮጌ ነበረች። ከመሬት ያላት ከፍታ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የቢቸና ሰው ከቦ አያትና “ይቺ ደግሞ ምን በድላ ነው የተንበረከከች?” አለ፤ ስሟ እንብርክክ ሁኖ ቀረ። ድንጋይ ሆዷን በቀደዳት ቁጥር ኃይለ ሚካኤል ፋንታን ከሞጣ ያስጠራዋል። መመላለሱ ሲሰለቸው ቢቸና አምጥቶ ቀጠረው። እኔን ያየኝም ያኔ ነው፤ እንብርክክ ከእናቴ ደጅ ቆማ ዘይቷን ስታፈስ፣ እኔ ገበቴ ይዤ ወጣሁለት።

መሬት ላራሹ ታውጆ ግራዝማች ሲታሰሩ ኃይለ ሚካኤል አንድ ማለዳ ቁልፉን ለፋንታ ሰጠውና “ለደከምህበት ላንተ ትሁን” ብሎ በእግሩ ወጣ። የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መኪናዋ የኛ ሆነች። ደስ ብሎን እንዳይመስላችሁ። የባላባት ንብረት ከግቢ ማኖር ያን ጊዜ እባብ ከጉያ እንደማሳደር ነው። ጭድ አለበስናት፤ ዶሮዎቻችን ከመቀመጫዋ ላይ ሰፈሩ፤ እኛም ዝም አልን።

ፋንታ ግን ዝም ማለት አልቻለም። ቀን የወፍጮ ሞተር እየጠገነ ያበላናል። ከሥራ ሲመለስ ጭዱን ገለጥ አድርጎ ከሥሯ ይገባል። መለዋወጫ አዲስ አበባም የለም በሚባልበት ጊዜ እሱ ከሌለው ነገር ነበር የሚሠራት። የዛገ ወለሏን በእርዳታ ዘይት ጣሳ ደፈነው። የተቀደደ ጣራዋን በጆንያ ጥፎ ሰም ቀባው፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ማር ማር ትሸታለች፤ ንብ ይከባታል። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ቢበጠስ ከበሬ ጠፍር ገምዶ ሠራላት። ጠፍር ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይለጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰበሰባል። ስለዚህ ሞተሯን ከማስነሣቱ በፊት እንደ ገበሬ ወደ ሰማይ ያያል።

አንድ ክረምት ሙሉ ደግሞ ከፍ ሊያደርጋት ታገለ። ገደል ገብቶ ከተጣለ ጂፕ ሸክሙን የሚችለውን ባሌስትራ ነቅሎ፣ በሸክም አምጥቶ፣ ከሥሯ ገጠመው። ጎረቤታችን መሪጌታ ወልደ ሰንበት ቅኔ ቤታቸው ከኛ አጥር ወዲያ ነው፤ በአጥሩ አሻግረው አይተው፣

“ፋንታ! ተነሣች እኮ! ንስሐዋን ጨረሰች?” አሉት።

“ገና ነው መሪጌታ፤ ፍሬን የላትም።”

“እንግዲያው እንደኛው ናት። መሄዱን እንጂ መቆሙን አናውቅም።”

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። መኪናዋ ከግቢያችን ወጥታ አታውቅም። ይህን ሁሉ ለምን እንደሚለፋ ጠይቄው አላውቅም። ወንድ ልጅ ጠጅ ቤት ከሚውል ከመኪና ሥር ቢውል ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ የከፋው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ከየቀበሌው ወጣት ይወሰድ ነበር። የጎረቤቴ የሀብትነሽ ልጅ በመጀመሪያው ጊዜ ሄዶ ሞተ እንዳይባል፣ አለ እንዳይባል፣ ወሬው ጠፍቶ ነበር። እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ገብረ ኪዳን ይባላል። ሌሎቹን አፈር በልቷቸዋል። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ወፍጮ ቤት እህል ይመዝናል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ፈረደ ይባላል። ከለውጡ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሠርግ ቀሚሴን የሰፋው እሱ ነው። ከፋሲካ በፊት አንድ ቀን ሽጉጡን ታጥቆ መጣና ጭዱን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ።

“ጓድ ፋንታ፣ ይቺን የፊውዳል ቅሪት ደብቀህ ይዘሃል አሉ።”

“ኧረ አልደበቅኋትም ጓድ ሊቀመንበር። ዶሮ ነው ያደረባት።”

“ዶሮዎቹን አስወጣ። ትሄዳለች?”

“መሄድስ ትሄዳለች።”

“ስማ። ሚያዝያ ሃያ ሦስት የላብ አደሩ በዓል ነው። የቢቸናና የሞጣ ኪነት ቡድን ሞጣ ላይ ይገናኛል። የሞጣዎቹ ‘ቢቸናዎች በአህያ ይመጣሉ’ እያሉ ነው አሉ። እኛ በቀይ መኪና ነው የምንገባ፤ የኪነቱ ካሚዮን ከኋላ ይከተላል። ቀይ መሆኗ ራሱ ጥሩ ነው።”

“ፍሬን የላትም እኮ።”

“ሥራላታ!”

“ፍሬን ዘይት ከየት መጥቶ?”

“ደብረ ማርቆስ ሰው እልካለሁ፤ ይመጣል።” ሊወጣ ብሎ ዞር አለና ወደኔ እያየ፣ “ገብረ ኪዳን ደኅና ነው? የውትድርናው ኮታ መጥቷል። ብዙ ነው። ለአብዮቱ የሚሠራ ቤተሰብ እንደሆነ ይታይለታል” አለ።

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገውም። ፋንታ ያን ዕለት ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ማድቤት አስገባቸው። ከዚያ በኋላ ያቺ መኪና ለኔ መኪና መሆኗ ቀረ። ቁልፍ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር የልጄን ስም ነበር የምሰማው።

የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ እኔም የሰማሁት ከፋንታ ነው። ፍሬን ፔዳሉን ስትረግጪው ዘይቱ በቀጭን ቱቦ እየሮጠ ሄዶ ጎማውን ያስይዘዋል። ዘይቱ ከሌለ ፔዳሉ ባዶ ነው፣ አየር መርገጥ ነው። ማንኛውም ዘይት አይሆንም። የሞተር ዘይት ቢገባበት ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ትንሽ ላስቲክ ያሳብጠዋል፤ ውሃም አይሆን። ጓድ ፈረደ የላከው ሰው ከደብረ ማርቆስ ባዶ እጁን መጣ። በዓሉ ቀረበ። ፋንታ እህል መቅመስ ተወ።

አንድ ቀን ጠዋት ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ በድንገት፣

“ይርጌ፣ ጉሎ አለሽ?” አለኝ።

“ለምንህ? ሆድህን ነው?”

“ዳግም አረቄስ?”

ጤንነቱን ተጠራጠርሁ። ለካ የሞጣው ሽማግሌ በጣሊያን ጊዜ ፍሬን ዘይት ሲጠፋ የጉሎ ዘይትና ኃይለኛ አረቄ ደባልቀው ይጨምሩ ነበር። ጉሎውን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አፍልቼ ዘይቱን ገፈፍሁ። አረቄውንም እንደገና አወጣሁት፤ ጣቴን ነክሬ ወደ እሳቱ ሳስጠጋው ሰማያዊ ሁኖ እስኪነድ ድረስ። ፋንታ ሁለቱን በጠርሙስ አድርጎ ሲንጠው እንደ ወለላ ሆነ። በነጠላዬ ጫፍ አጥልሎ ጨመረው።

ከዚያ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር መውጣት አለበት። እሱ ከሥር ሁኖ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሌላ ሰው ከላይ ሁኖ ፔዳል ይረግጣል። ገብረ ኪዳን ወፍጮ ቤት ነበር። ስለዚህ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ከመሪው ኋላ ገባሁ።

“ርገጪ!”

“ረገጥሁ።”

“ያዢ! ያዢ ነው ምልሽ!”

“ይዣለሁ እኮ!”

“ልቀቂ።”

እንዲህ ስንባባል ሀብትነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ልጇ ከጠፋ ወዲህ ቀልድ ትቷት አያውቅም፤ ከማልቀስ ብላ ይመስለኛል።

“ይርጌ! አንቺ ከላይ፣ ባልሽ ከሥር! ዘመኑ ተገለበጠ ሲሉ ይሄን ነው?”

“ሂጂ አንቺ ባለጌ!”

“ምንድን ነው የሚሸተኝ? ኧረ በማርያም፣ አረቄ ነው? እኔ ስለምንሽ ‘አልቋል’ ያልሽኝን ለፍሬን? ቆይ፣ እኔም ጎማ ላውጣ!”

ፋንታ ከሥር ሁኖ ሲሥቅ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ሲሥቅ አልሰማሁትም።

ፔዳሉ ያዘ። እንደ ድንጋይ ደነደነ። ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወርደው መንገድ ላይ ለቀቃትና ረገጠው፤ ቆመች። ወጥቶ ደግሞ ወረደ፤ ቆመች። እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። እሱ ግን አልበቃውም፤ ሳያሳርፍ ደጋገመው። በመጨረሻው ፔዳሉ ከእግሩ ሥር እንደ ጭቃ ሰመጠ፤ መኪናዋን አጥር ነው ያቆማት። ጎማው ላይ ውሃ ሲያፈስ ጢስ ወጣው። ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመልሶ ደነደነ።

“ሽማግሌው ነግረውኝ ነበር” አለኝ። “ሰው ሲጠጣው ሰው ይሰክራል፤ ፍሬን ሲጠጣው ሲሞቅ ይሰክራል። ረዥም ቁልቁለት ላይ አረቄው ተኖ አየር ይሆናል።”

“እና ምን ይሻላል?”

“በትንሽ ማርሽ መውረድ፣ ቶሎ ቶሎ አለመርገጥ፣ ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ማሳረፍ። እኔ ከነዳኋት ሞጣ ትደርሳለች።”

የእጅ ፍሬኑንም ሽቦ ገምዶ አጠበቀው። ሄዶ ለጓድ ፈረደ ሁሉንም ነገረው፤ አረቄውን ሳይቀር። ጓድ ፈረደ ሣቀና “እሺ፣ አንተ ንዳ” አለው። ይህን እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ደብቆ አልነበረም።

በበዓሉ ቀን በማለዳ ተነሣን። ጓድ ፈረደ ካኪውን ተኩሶ ለብሶ ከፋንታ ጎን ተቀመጠ። እኔ ከሴቶች ማኅበር ጋር ከበሮ እንድመታ ታዝዤ ከኪነቱ ጓዶች ጋር ካሚዮኑ ላይ ነበርሁ። እንብርክክ ከፊት ከፊት ስትሄድ አቧራዋን እየበላን እናያታለን። በየመንደሩ ሰው እየወጣ እልል ይላል። ፋንታ በየቁልቁለቱ ራስ ያቆማታል፤ ወርዶ ጎማውን በእጁ ይነካል፤ እንደገና ይነሣል። የካሚዮኑ ሾፌር “ምን ሁኖ ነው? እየተሳለመ ነው እንዴ በየቦታው!” እያለ ይስቃል።

ከመንገዱ መሐል ካለችው ከግንደወይን ከተማ ስንደርስ ቆምን። ጓድ ፈረደ ወርዶ አቧራውን አራገፈና ወደ መሪው በኩል ዞረ።

“ከዚህ እኔ እነዳለሁ።”

ፋንታ አልወረደም። ካሚዮኑ ተጠግቶ ስለነበር የተባባሉትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ነግሬዎታለሁ እኮ። ቁልቁለት ላይ ጠባይዋን አያውቁትም።”

“ሊቀመንበር ከሾፌሩ ጎን እንደ ዕቃ ተጭኖ ይግባ? የሞጣ ሰው ምን ይላል?”

“ከከተማው በር ላይ ልስጥዎት። እስከዚያ እኔ...”

“ፋንታ።” ድምፁን ቀነሰው። “የልጅህ ነገር ገና አላለቀም። ውረድ።”

ባለቤቴ ቀና ብሎ ወደ ካሚዮኑ፣ ወደኔ አየ። ምን እንዳልሁት በፊቴ አላውቅም። ወረደ፤ ዞሮ ከጎን ገባ።

ጓድ ፈረደ መንዳት አይችልም ማለቴ አይደለም፤ ያስኬዳል። ሲያስኬድ ግን ፍሬን ላይ ነው የሚኖረው። የኋላ ቀዩ መብራት ሲበራ ሲጠፋ እናይ ነበር። ፋንታ እጁን እያወዛወዘ ሲለምነው ይታየናል። ሞጣ ልንገባ ስንል አንዲት ቁልቁለት አለች። ከራሷ ላይ አልቆመም። ከግርጌዋ የሞጣ ሕዝብ ሊቀበለን ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል፤ ተማሪዎች መፈክር ይዘው፣ ፈረሰኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም።

እንብርክክ መሐል ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ጨመረ። መብራቱ በርቶ ቀረ፤ እሷ ግን አትቆምም። ጓድ ፈረደ ክላክሱን ያስጮኸዋል። ከግርጌ ያለው ሰው ለደስታ መስሎት እልል አለ፤ ጭራሽ ወደ መሐል ገባ። እኔ ከበሮውን ጥዬ ጮህሁ። የዚያን ጊዜ ፋንታ ከጎኑ ተነሥቶ በአንድ እጁ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ በሌላው መሪውን ከሰውዬው ነጥቆ ወደ ግራ ጠመዘዘው። መኪናዋ ተሽከረከረችና በአፍንጫዋ ከመንገዱ ዳር ካለው ተረተር ላይ ተተከለች።

አቧራው ሲጠራ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። የጓድ ፈረደ ግንባር ተፈንክቷል፤ ካኪው በደም ርሷል። የፋንታ እጁ ተገልብጦ አብጧል። የፊት ጎማዋ ብቻዋን ቁልቁል ተንከባልላ ከተማሪዎቹ መሐል ገብታ ወደቀች። አንድ ሰው ሣቀ። ከዚያ ሁሉም ሣቀ። ከሁሉ የከፋው ያ ሣቅ ነው ብዬ አስባለሁ።

ጓድ ፈረደ ተነሥቶ “አሻጥር ነው! አብዮቱን አሻጥር ሠርቶበታል!” ብሎ ጮኸ። ያን ቃል በዚያ ዘመን የሰማ ሰው ሣቁን ይተዋል። ፋንታን እየገፉ ወሰዱት። እኔ ከበሮዬን አንሥቼ ከኋላ ሮጥሁ። ፖሊስ ጣቢያው ደጅ ላይ ሁኜ ሰማሁ።

“ፍሬኑ ውስጥ የጨመርኸው ምንድን ነው?” አለ ፖሊሱ።

“ጉሎና አረቄ።”

“አረቄ? ሰውዬ፣ ትቀልዳለህ?”

ከመኪናዋ በጣሳ ቀድተው ያመጡትን ጣቱን ነክሮ ቀመሰው። “ዳግም ነው” አለ ቀስ ብሎ፤ ጓደኞቹ ሊሥቁ ሲሉ ፊቱን አኮሳተረ። “ለሊቀመንበሩ ነግረህ ነበር?”

ፋንታ ያበጠውን እጁን ማየት ጀመረ። ነግሬያለሁ ቢል ሊቀመንበሩን መክሰስ ነው። ዝም አለ።

“እሺ፣ የሚነዳው ማን ነበር?” ሲል ፖሊሱ፣ ጓድ ፈረደ ግንባሩን በሻሽ ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል። መንጃ ፈቃድ የለውም። ይህን ፋንታም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ፖሊሱም ሳይገባው አልቀረም። ፖሊሱ ዞሮ ሻሹን አየ። ከዚያ ጓድ ፈረደ፣

“ልቀቁት። አደጋ ነው። መሪው ነው የተነቀለ” አለና ወጣ።

ኪነቱ ተደረገ። ቢቸና ሁለተኛ ወጣች፤ ከሁለት። ወደ ማታ በካሚዮኑ ስንመለስ ፋንታ የታመመ እጁን እንደ ሕፃን አቅፎ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

“ምነው ዝም ብለህ ብትተወው?” አልሁት። ይህን ማለቴ ደግ አልነበረም፤ ግን ልጄ ነው የሚታየኝ። “ክላክስ እየነፋ ነበር። ሰውም ይሸሽ ነበር።”

“ሰው ይሸሽ ይሆናል” አለኝ። “ከዳር አንዲት አሮጊት በትር ይዛ ቆማ ነበር። እሷ አትሸሽም።”

ቢቸና ስንወርድ ጓድ ፈረደ ከፊት ከጋቢናው ወረደና ፊቱን ሳያዞር፣

“ልጅህ ነገ ጠዋት ቀበሌ ይቅረብ” አለ።

ገብረ ኪዳን ከደጅ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሁሉንም ነገርነው። የአባቱን ያበጠ እጅ አየና ውሃ አሙቆ አምጥቶ አጠበለት። “ብትሸሽስ?” አልሁት። “እኔ ብሸሽ እናንተን ያስሯችኋል” አለኝ። እኔ በሶ መፍጨት ጀመርሁ።

በማግስቱ ፋንታ ጎሕ ሲቀድ ተነሣ። የቤተ ክርስቲያን ጋቢውን ለበሰ። መሪጌታ ወልደ ሰንበትን ከቤታቸው ጠርቶ፣ ከደጃችን ድንጋይ አንሥቶ፣ በማጅራቱ ተሸክሞ ወደ ጓድ ፈረደ ቤት ሄደ። በኛ አገር የበደለ ሰው እንዲህ ሁኖ ከተበደለው ደጅ ይቆማል፤ ያ ሰው ይቅር እስኪለው ድንጋዩን አያወርድም። ገብረ ኪዳን “ምን አጠፋህና ነው አባዬ? ምን አጠፋህ!” እያለ ተከተለው፤ እኔም ተከተልሁ።

ጓድ ፈረደ በሻሽ እንደታሰረ ወጣ። ሲያየው ደነገጠ፤ ግራ ቀኙን ቃኘ።

“ምንድን ነው ይሄ? ይሄ የፊውዳል ልማድ ነው! አውርደው፣ ሰው እያየ ነው!”

“አውርድ ካልኸው ይቅር ብለኸዋል ማለት ነው” አሉ መሪጌታ። “በል በአፍህ።”

“አልሁ! ይቅር ብያለሁ! አውርደው።”

ፋንታ ድንጋዩን አላወረደም። አጎንብሶ እንዳለ፣ “ልጄስ?” አለ።

ጓድ ፈረደ ሻሹን በጣቱ ነካካ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ፈረደ መጥቶ ፊቱ ላይ የቆመ መሰለኝ። “ስሙን ትናንት ከሞጣ በስልክ አስተላልፌዋለሁ” አለ። “ተናድጄ ነበር። አሁን ከእጄ ወጥቷል። ልጄን ወለተ ማርያምን፣ ከእጄ ወጥቷል።”

ፋንታ ቀስ ብሎ ድንጋዩን አወረደ፤ ከአጥሩ ሥር አስደግፎ አስቀመጠው። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብሎ እጅ ነሣ፤ ልጁን ትከሻውን ይዞ ወደ ቀበሌ ወሰደው።

ቀበሌው ደጅ ልጆቹን የሚጭን ካሚዮን ቆሞ ነበር። እናቶች ይላቀሳሉ። ሀብትነሽም መጥታ፣ ያን ዕለት ሳትቀልድ፣ እጄን ይዛ ቆመች። ገብረ ኪዳን በሶውን ተቀብሎኝ ጉልበቴን ስሞ ካሚዮኑ ላይ ወጣ። እኔ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ፋንታን ስፈልገው አጣሁት።

ለካ ጋቢውን እንደለበሰ ካሚዮኑ ሥር ገብቷል። እግሩ ብቻ ይታያል። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ፣

“አባቴ፣ ምን ሁነዋል? ይውጡ እንጂ፣ ልንሄድ ነው!” አለው።

“በዓባይ ነው የምትወርድ?”

“አዎ፣ በዓባይ ነው።”

“ቁልፍ አቀብለኝ።”

ሾፌሩ ወደ ወታደሩ አየ፤ ወታደሩ ትከሻውን ሰበቀ። ቁልፉን ሰጠው። ፋንታ በደኅናው እጁ እየሠራ ከጎማ ወደ ጎማ ተሳበ፤ እናቶቹ ሁሉ ልቅሷቸውን ትተው ያዩት ጀመር። ሲወጣ ጋቢው ጥቁር ዘይት ሁኗል።

“የኋላ ግራው ፍሬን ላልቶ ነበር፤ አጥብቄዋለሁ” አለው ሾፌሩን። “ከደጀን ወዲያ በትንሽ ማርሽ ውረድ። አደራህን፣ አትቸኩል።”

ከዚያ ወደ ዳር ወጥቶ፣ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ከጎኔ ቆመ።